የደወለ ይናገር

እኛ ቤት ስልክ አንስቶ ቀድሞ «ሃሎ» ማለት ነውር ነበር። ሕጉን ያወጣው ባሌ ነው። ባሌ ትራክተር ነጂ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ከኮኪት እስከ አብደራፊ ከእርሻ እርሻ ሲዞር፣ ሰው ከመንገድ ላይ እየታገተ ሲወሰድ በዐይኑ ያየ ሰው ነው። አጋቾቹ ከያዙት ሰው ስልክ ላይ ቁጥር እየፈለጉ ይደውላሉ። አንዷ ምስኪን አንስታ «ወየው! አንተ ነህ ወይ? የት ወደቅህብኝ?» ስትል፣ የማን ሚስት እንደሆነችና ምን ያህል እንደምትጨነቅ በአንድ ትንፋሽ ታስረዳቸዋለች። ከዚያ በኋላማ ጨዋታው የእነሱ ነው።

«ስለዚህ» አለኝ አንድ ቀን እራታችንን እየበላን፣ «የደወለ ይናገር፣ ያነሳ ይስማ። ድምፁን ለይተሽ ሰውየውን አውቀሽ፣ ከዚያ በኋላ አፍሽን ክፈች። እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትይ።»

እኔ ደግሞ ወሬ የማይጠግብ አፍ ነው ያለኝ፤ መጀመሪያ ላይ ጨንቆኝ ነበር። እያደር ግን ወደድሁት። ከጎጃም ወደዚህ ቆላ ስወርድ እናቴ ስንቅ ብላ የሰጠችኝ አንድ ተረት ነው፦ ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር። መተማ ደግሞ ስንጥሩ ከገንፎው የሚበዛበት አገር ነው። ማን ከየት እንደመጣ፣ ማን ለማን እንደሚያወራ አይታወቅም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ስልክ ባነሳሁ ቁጥር ትንፋሼን ውጬ የማደምጥ ሴት ሆንሁ።

ባሌ ያን ዓመት ሥራ ተገኘልኝ ብሎ የድንበሩን ድልድይ ተሻገረና ወደ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሄደ። ሰፊ እርሻ ነው፣ አርሼ ዘርቼ እመለሳለሁ ብሎኝ ነበር። ከዚያ የሱዳኑ ጦርነት መጣ፤ ስደተኛው በድልድዩ ወደ እኛ ሲጎርፍ እኔ በየቀኑ እየወጣሁ ፊት ሳይ እውል ነበር። የሰው ሁሉ ባል መጣ፣ የእኔ አልመጣም። የእጅ ስልኬ ከድንበር ማዶ የሚመጣ ጥሪ አይቀበልም ነበር፤ የሞባይል ኢንተርኔትም በእኛ በኩል ጠፍቶ ነበር። ከተማው ውስጥ የሚሠራው በሽቦ የሚመጣው የሐጂ ኢንተርኔት ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

ሐጂ አከራዬ ናቸው። ከሱቃቸው ጎን ባለችው ክፍል ተቀምጬ የሰሊጥ ጆንያ እሰፋላቸዋለሁ። ሱዳን ውስጥ ዘመድም ደንበኛም ስላላቸው የኢንተርኔት ስልክ አስገብተው ነበር፤ የጠረጴዛ ስልክ የሚመስል፣ ዋይፋይ ከሚሰጠው ሳጥን ጋር በሽቦ የተያያዘ። ሳጥኑን ሰዉ ራውተር ይለዋል። ገዳሪፍ ደግሞ ከሳተላይት ኢንተርኔት እየሸጡ ስልክ የሚያስደውሉ ሰዎች ነበሩ።

አንድ ቀን ሐጂ በመስኮት ጠሩኝ። «አንቺ ልጅ! ነይ ቶሎ! ባልሽ ነው!»

ወስፌውን ከነክሩ ወርውሬ ሮጥሁ። ስደርስ ተቆርጧል።

«ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አሉኝ። «ነገ ይደውላል። በአስር ሶላት ሰዓት ደውል፣ እኔ መስጊድ ስሆን እሷ ብቻዋን ታነሳዋለች፣ እንደልባችሁ ታወራላችሁ አልሁት።»

«ምን አለ? መቼ ነው የሚመጣው?»

«ራሴ እነግራታለሁ ነው ያለኝ።» ይህን ሲሉ ዐይናቸውን ወደ ሚዛኑ አዞሩት። ምነው ዐይኔን ሸሹት? አልሁ በሆዴ። ይቺን ያዝኋት።

በማግስቱ ሐጂ መስጊድ ሄዱ፣ እኔ ስልኩ ፊት ተቀመጥሁ። ጮኸ። አነሳሁ። በሕጋችን መሠረት ዝም አልሁ።

እዚያም ዝም።

ቆጣሪው በስልኩ መስኮት ላይ ይሮጣል፤ መስመሩ ክፍት ነው፤ ድምፅ የለም። ጆሮዬን አጥብቄ ለጠፍሁት። ትንፋሽ እንኳ የለም። ግማሽ ደቂቃ የሚሆን ቆየና ኩዋ! ብሎ ተቆረጠ።

ደጋግሞ እንዲህ ሆነ። ሐጂ መስጊድ ሲሄዱ ይደወላል፣ አነሳለሁ፣ ዝም፣ ይቆረጣል። ታዲያ እኔን ያነደደኝ ምኑ መሰላችሁ? ለሌላው ሰው ሁሉ ይሠራል! ሐጂ ጀላቢያቸውን ሰብስበው ያነሱና «አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ!» ብለው ይጮሃሉ፤ ወዲያው ከማዶ ሰው ይንጫጫል። ጎረቤት ይመጣል፣ «ሃሎ! ሃሎ!» ይላል፣ ያወራል፣ ይስቃል፣ ይሄዳል። ለእኔ ብቻ ነው ይህ ዕቃ የሚደነቁረው።

ሐጂ ሙቀቱ ነው አሉ። ሚያዝያ ነው፤ በእኛ አገር ሚያዝያ ድንጋይ ያልበዋል። ራውተሩን ከመደርደሪያ አውርደው ውሃ በሚያቀዘቅዘው የሸክላ እንስራ፣ በዚሩ ክዳን ላይ አስቀመጡት፤ ለሰው ያልተረፈውን ማራገቢያ ወደ እሱ አዞሩት። እኔ ነቅዬ ሰካሁት፣ አቧራውን በነጠላዬ ጠረግሁ፣ እንደ ሙቅ ወተት እፍ እፍ አልሁበት። አረንጓዴ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ይሾፍብኛል። ከዚያ ይደወላል። ዝም።

ሰው ብቻውን ሲያስብ ሰይጣን ወንበር ስቦ ይቀመጣል። መጀመሪያ የጠረጠርሁት ሐጂን ነው። ክፍሌን ለሰሊጥ ማከማቻ ይፈልጓት ነበር፤ በጨዋታ መሃል «ይቺ ቤት ሰሊጥ ቢገባባት» ሲሉ ሰምቼ ይዤባቸዋለሁ። ባሌ መምጣቱን ካላወቅሁ ጎጃም ወንድሜ ዘንድ እሄዳለሁ፣ ክፍሏም ትለቀቃለች። እንዴት ነው እሳቸውን አናግሮ እኔ ሳነሳ የሚዘጋው? አንድ ነገር ነክተው ቢሆንስ? መስጊድ ሄድሁ ብለው ከጆንያው ጀርባ ቆመው የሚሰሙኝ እየመሰለኝ፣ መጋረጃውን ገልጬ ማየት ጀመርሁ።

ከዚያ ደግሞ ከማዶ የመጣ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ነገሩን አባሰው። ከሱቁ ደጅ ካለው የሣር ዳስ፣ ከራኩባው ሥር ጎማ እያስነፋ፣ እኔ መኖሬን ሳያይ፣ ወይም አይቶ፣ «የዚህችን ሴትዮ ባል ገዳሪፍ ገበያ አየሁት» አለ ለጓደኛው። «ግርግር ነበር፣ ከጋቢናዬ ሆኜ በሰው መሃል ጭንቅላቱን ለየሁት። ጠራሁት፣ አልሰማኝም። አንዲት ሴት ክንዱን ይዛው ነበር።»

«ምን ዓይነት ሴት?» ብዬ ከመጋረጃው ብቅ አልሁ።

ደነገጠ። «ኧረ እኔ እንጃ እቴ፣ ሴት ናት።»

«ክንዱን እንዴት ነው የያዘችው?»

«እንዲህ... ጥብቅ አድርጋ።»

ያን ዕለት ጆንያ ልሰፋ ተቀምጬ ጣቴን ሰፋሁት። አሃ! ለካ ዝምታው ይህ ነው። ይደውላል፣ ሊናገር ያፍራል፣ አጠገቡ ደግሞ ያቺ ጥብቅ አድርጋ የያዘችው ቆማለች። «ንገራት እንጂ!» ትለዋለች፤ እሱ ወኔ ያጣል፤ ይዘጋል። ወንድ ልጅ! አራት ክረምት አብሬው ወባ የታመምሁ፣ የናፍጣ ልብሱን ያጠብሁ ሴት «ትቼሻለሁ» የምትል አንዲት ቃል ልነፈግ? ቅናትም ንዴትም ልቤን በላኝ። ግን ቀድሜ አልናገርም። ምን ብዬ? እሱ ራሱ ያወጣውን ሕግ እሱ ያክብረው።

ለሐጂ ቁርጡን ነገርኋቸው። «ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ሳይጨቀይ ከባሌ አንድ ቃል ካልሰማሁ ወደ ጎጃም እሄዳለሁ። ክፍሏን ሰሊጥ ይሙሉባት።»

«አስተግፊሩላህ!» አሉ። ቀና ብለው አዩኝ፤ ያዘኑ መሰሉ። እኔ ግን አላመንኋቸውም። በሳምንቱ ከገንዳ ውሃ ከተማ የኔትወርክ ባለሙያ አስመጡ።

ባለሙያው ጎልማሳ ነው፤ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ ገባ። ኮምፒውተሩን ከሳጥኑ ጋር አገናኘ፣ ነካካ። ስልኩን አንስቶ ሞከረ፣ ሠራ። ሐጂ ሞከሩ፣ ሠራ። «ይሄ ምንም አልሆነም» አለ።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነዋ» አልሁት። «ለእናንተ መቼ እምቢ አለ? የታዘዘው ለእኔ ነው።»

«ማን ያዘዋል እህቴ?»

«እሱን አንተ ንገረኝ። ለመሆኑ ማነው የላከህ?»

ሳቀ። ሐጂ ግን አልሳቁም፤ አንገታቸውን ደፉ። እኔም ይቺን ያዝኋት።

«እሺ፣ አንቺ አንሺው» አለኝና መንገዱን ተሻግሮ ከእጅ ስልኩ በተራ ጥሪ ወደ ሐጂ ስልክ ደወለ። አነሳሁ። በበሩ በኩል አየዋለሁ፤ ትራክተር እያጓራ በመሃላችን ያልፋል፤ ባለሙያው አፉን ከፍቶ ይናገራል፣ እጁን ያወናጭፋል። በጆሮዬ ግን ጭጭ። አፉን ብቻ እያንቀሳቀሰ ነው የሚያሾፍብኝ፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ዘጋሁበት።

ተመልሶ መጣ። «ስታነሺ ምን አልሽ?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«የደወልኸው አንተ፣ ምን ልበል እኔ?»

ባለሙያው ወደ ሐጂ ዞረ፣ ወደ ስልኩ ዞረ፣ ከዚያ ግንባሩን መታ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና እንደ ሕፃን ያስረዳኝ ጀመር። «ይሄ ሳጥን ዘበኛ ነው። ከውጭ የሚመጣ ድምፅ ሁሉ ለእሱ እንግዳ ነው፤ ከውስጥ የጠራው ሰው ከሌለ በር ላይ ያስቀረዋል። ስልኩ ደግሞ ዳታ እንዲቆጥብ ተብሎ፣ ሰው ካልተናገረ ምንም እንዳይልክ ተደርጓል። አንቺ ዝም ስትይ ከዚህ ምንም አይወጣም። ምንም ስላልወጣ ምንም አይገባም። ሐጂ አሰላሙ ዐለይኩም ሲሉ በሩ ወለል ይላል። አንቺ ግን በሩን ዘግተሽ ነው እንግዳ የምትጠብቂው።»

«ታዲያ መደወያው ለምን ይጮሃል?»

«ጥሪው በሌላ በር ነው የሚገባው። ድምፁ ነው የሚቀረው። ሲዘገይ ጊዜ ደግሞ መስመሩ ራሱ ይቆረጣል። መናገር ጀምረሽም ብዙ ዝም ካልሽ መልሶ ይዘጋል።»

«አስተካክለዋ።»

«ስልኩን ያስገባው ሰው በይለፍ ቃል ቆልፎታል፤ እሱ አሁን ከአገር ወጥቷል። አፈላልጌ እስካገኘው ድረስ ያለው መፍትሔ አንድ ነው። አንቺ ቅደሚ። ስልኩ ሲጮህ አንሺና ተናገሪ። አሁን እንሞክረው።»

በሉ እንግዲህ ፍረዱኝ! ባሌ ያስተማረኝ አንዲት ሕግ ናት፤ ይህ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ሰው ደግሞ ያችኑ ሕግ አፍርሺ ይለኛል። ሌባ ቢሆን ሌላ ምን ይለኝ ነበር? ድምፅ እየቀዱ ሰው የሚያታልሉ አሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ድምፄን ይዞ ቢሄድ በምን እመልሰዋለሁ?

«አልሞክርም» አልሁ።

«አንድ ቃል ብቻ...»

«አልሞክርም አልሁህ፣ ኸላስ! ሂድ ሳጥኑን አናግር።»

ሐጂ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። ባለሙያው ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

ከዚያ ስልኩ መጮህ ተወ። ግንቦት አለቀ፣ ሰማዩ ከወደ ሱዳን መጥቆር ጀመረ። ሐጂ መስጊድ ሲሄዱ ከስልኩ ፊት እቀመጣለሁ፤ ራውተሩ ከዚሩ ላይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ሌላ ነገር የለም። ያ ዝምታ ሳይቀር ናፈቀኝ። ዝም የሚል ባል ቢያንስ ደውሎ ነው ዝም የሚለው። ልብሴን በአንድ ጆንያ አሰርሁ፤ ዝናቡ ሳይጥል ልሄድ ቀን ቆረጥሁ።

ልሄድ የቆረጥሁት ቀን ሲቃረብ፣ ሐጂ ለአስር ሶላት ከወጡ በኋላ፣ ጮኸ።

አነሳሁ። ዝም አልሁ፣ እንደ ልማዴ። ቆጣሪው ይሮጣል። ባለሙያው በበሩ በኩል አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ትዝ አለኝ። እውነት ያን ቀን እየተናገረ ቢሆንስ? አጋች ይሁን፣ ሌባ ይሁን፣ ያቺ ክንድ ያዥ ትሁን፣ ከነገ ወዲያ መሄዴ ነው፤ ምን ይቀርብኛል? ደግሞም ንዴቱ ጉሮሮዬ ላይ ነበር፤ የወጣውም እሱ ነው።

«አንተ ወስላታ!» ብዬ ጮህሁ። «ማነህ አንተ? ሰው ነህ ጅብ? አፍ ካለህ ተናገር!»

«...መኪናው ነገ ስለሆነ ነው» አለ የባሌ ድምፅ።

እንደዚያው፣ ከዐረፍተ ነገር መሃል። ጎርናና፣ የናፍጣ ጭስ የበላው፣ የራሱ ድምፅ። ከዚያ ቆመ። «ሰደብሽኝ?» አለ። «ኧረ ተመስገን! ሰደብሽኝ!»

ለቅሶም ሳቅም አንድ ላይ መጡብኝ። ግን ቅድሚያ ለዋናው ነገር ነው። «ያቺ ገበያ ላይ ክንድህን የያዘችህ ሴት ማን ናት?»

«የትኛዋ? እ... አስታማሚዋ ናት፤ እናቴን የምታህል ሴትዮ ናት። ምርኩዝ እስኪሠራልኝ እሷ ናት ደግፋ የምታራምደኝ።»

«ምርኩዝ? የምን ምርኩዝ?»

ከማዶ ዝም አለ። ይህኛው ዝምታ እውነተኛ ነበር፤ ከኋላው የሰው ጫጫታ ይሰማኛል። «ነገርሁሽ እኮ» አለ ቀስ ብሎ። «ትራክተሩ ተገልብጦብኝ እግሬን እንደቆረጡት መጀመሪያ የደወልሁ ቀን ነገርሁሽ።»

«አልሰማሁም።»

«ኋላም ጠየቅሁሽ። ዝም ስትይ ሕጋችን ነው፣ ድምፄን እስክትለይ ነው አልሁ። ስትዘጊብኝም መልሼ እየደወልሁ አወራሁ። በመጨረሻ፣ አንድ እግር ያለው ሰው ካልፈለግሽ ክፉ ቃል መናገር የለብሽም፣ ዝም በይኝ፣ ይገባኛል አልሁሽ። ዝም አልሽኝ። በሌላ ቀንም ጠየቅሁሽ። ዝም አልሽኝ።»

ባዶ መስሎኝ ያለፈውን ጥሪ ሁሉ አሰብሁ። ባሌም እንደ ባለሙያው አፉን በበሩ ማዶ ይከፍታል፣ ይዘጋል። እኔ እዚህ አፌን ቆልፌ በነገር እበላዋለሁ፣ እሱ እዚያ ዝምታዬን መልስ ብሎ ይሰማል።

«ታዲያ ነገ መኪና አለ፣ ወደ ሱዳን ውስጥ ከሚሄዱት ጋር ልሄድ ነው» አለ። «ልሰናበትሽ ብዬ ነው የደወልሁት። ግን ሰደብሽኝ። እስቲ አንድ ጊዜ ልጠይቅሽ፣ ከእንግዲህ አልጠይቅሽም። ልምጣ ወይስ ልቅር?»

አፌን ከፈትሁ። ቃል የለም! ለቅሶው ጉሮሮዬን እንደ ጆንያ አፍ አጥብቆ ሰፍቶታል። ና የምትል አንዲት ፊደል እምቢ አለችኝ። ብዙ ዝም ካልሽ መልሶ ይዘጋል ሲል ባለሙያው የነገረኝ ትዝ አለኝ። ቆጣሪው ይሮጣል። «ሃሎ?» ይላል ባሌ። «ሃሎ? ገባኝ...»

ያን ጊዜ ከሰሊጥ ጆንያው ጀርባ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ። ሐጂ ጀላቢያቸውን ሰብስበው ወጡ፤ መስጊድ ሄዱ ያልኋቸው ሰውዬ! ስልኩን ከእጄ መንጭቀው፣ ሱቁ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ፣ «አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ!» አሉበት። «እንዳትዘጋ! ወላሂ እንዳትዘጋ! እያለቀሰች ነው! ዝም አላለችህም፣ እያለቀሰች ነው!» የሚሉት ሲጠፋቸው ሰላምታውን ከመጀመሪያው ጀመሩት፤ በሩ እንዳይዘጋ ይጮሃሉ፣ እንባቸው በጺማቸው ላይ ይወርዳል።

ለካስ እውነቴን ነበር፤ ይሰሙኝ ኖሯል። እግሩን እንዳጣም ከመጀመሪያው ቀን ያውቁ ነበር፤ ራሴ እነግራታለሁ ስላላቸው አፋቸውን ይዘው ነው። በሌላ ቀን ቢሆን አንድ ሳምንት እጣላቸው ነበር። ያን ቀን ግን በጩኸታቸው መሃል ጉሮሮዬ ተከፈተልኝና ስልኩን ቀማኋቸው።

«ና» አልሁት። «በአንድ እግርህ ና። ና፣ ና፣ ና፣ ና...» ትንፋሽ እስኪያጥረኝ ድረስ አላቆምሁም፤ ዝም ማለት ፈርቼ።